«ቀረ» በተባለ ቁጥር መቀነስ ነው ወይ?

እዚህ ካኩማ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ሒሳብ የሚያስተምር መምህር ሁሉ በየቀኑ የሚሰማት አንዲት ጥያቄ አለች፤ «ቲቸር፣ ፕላስ ነው ማይነስ?» የምትለው። ብላክቦርድ ላይ 13 – 8 ተብሎ ሲጻፍ ይህችን የሚጠይቅ ልጅ የለም። በጣቱም በጠጠርም ብሎ 5 ላይ ይደርሳል። ያንኑ 13 እና ያንኑ 8 በታሪክ አድርገን፣ ማለትም የቃላት ፕሮብሌም አድርገን ስናቀርብለት ግን ልጁ ታሪኩን ትቶ የመምህሩን ፊት ማየት ይጀምራል። ምልክቱን ብቻ ንገሩኝ፣ የቀረውን እኔ እሠራዋለሁ ነው ነገሩ።

በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው ለዚህች ጥያቄ በየክፍሉ የሚሰጠውን መልስ ነው። መልሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። መምህራኑን ለመውቀስ አይደለም የተነሳነው፤ ቻርቱን የለጠፈ ሁሉ ልጆቹን ለመርዳት ብሎ ነው የለጠፈው። ነገር ግን በቅን ልቦና የተሠራ ነገር ሁሉ ይጠቅማል ማለት ስላልሆነ፣ ቁጭ ብለን ልንመረምረው ይገባል እንላለን።

ቻርቱ ምን ይላል?

ቻርቱን የማያውቅ የለም። አንድ ካርቶን ለሁለት ይከፈልና በአንዱ በኩል የመደመር ምልክት፣ በሌላው በኩል የመቀነስ ምልክት ይደረግበታል። ከመደመሩ ሥር «ጨመረ፣ አገኘ፣ አንድ ላይ፣ በጠቅላላው» የሚሉ ቃላት ይደረደራሉ። ከመቀነሱ ሥር ደግሞ «ቀረ፣ ሰጠ፣ ሸጠ፣ ጠፋ፣ በላ» ይባላል። በእንግሊዝኛ የተጻፈውም እንደዚያው ነው። ልጁ የሚታዘዘው ቃሉን ፈልግ፣ ምልክቱን አድርግ፣ ቁጥሮቹን አስላ ተብሎ ነው።

እውነቱን ለመናገር ቻርቱ ለጊዜው ይሠራል። የመማሪያ መጻሕፍት የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ብዙውን ጊዜ «ይህን ያህል ነበረው፣ ይህን ያህል ሰጠ፣ ስንት ቀረው?» የሚሉ ስለሆኑ ልጁ ዐሥሩንም ትክክል ያገኛል። መምህሩም ደስ ይለዋል፣ ተቆጣጣሪውም ደስ ይለዋል። ችግሩ የሚመጣው ታሪኩ ትንሽ ዞር ሲል ነው።

ቃሉ ሲያታልል

እስቲ ይህንን እንይ። «ፋጡማ ለዴንግ 4 ቆርኪ ሰጠችውና 5 ቀራት። መጀመሪያ ስንት ቆርኪ ነበራት?» እዚህ ውስጥ «ሰጠ» አለ፣ «ቀረ» አለ። በቻርቱ ሕግ ሁለት ጊዜ መቀነስ ነው የታዘዝነው። ልጁም 5 – 4 ብሎ 1 ይጽፋል። 4 ቆርኪ ሰጥታ 5 የተረፋት ልጅ ከመጀመሪያው 1 ብቻ ነበራት ማለት ነው! መልሱ 9 መሆኑን ግን ይኸው ልጅ ከክፍል ውጭ ብይ ሲጫወት ቢጠየቅ ሳያመነታ ይናገር ነበር። «4 ተበላሁ፣ 5 ቀረኝ» የሚል ልጅ ስንት ይዞ እንደመጣ አይጠፋውም።

አሁን ደግሞ የተገላቢጦሹን እንውሰድ። «ጀሪካኑ 20 ሊትር ይይዛል። 8 ሊትር ውሃ አለበት። እስኪሞላ ድረስ ስንት ሊትር መጨመር አለበት?» ቻርቱ «ጨመረ» ካለ ደምር ይላል። ታዛዥ የሆነው ልጅ 20 + 8 ብሎ 28 ይጽፋል። 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ላይ 28 ሊትር ሊጨምር ነው። ይህ ልጅ እኮ ጧት ጧት ቦኖ ላይ ተሰልፎ ጀሪካን ሞልቶ ወደ ቤቱ የሚሸከም ልጅ ነው! ጀሪካን ሲሞላ እንደሚፈስ ከእኛ ከመምህራኑ ይልቅ እሱ ያውቃል። ታዲያ 28 ያስጻፈው ምንድን ነው? አለማወቅ አይደለም። ክፍል ውስጥ ሲገባ የሚያውቀውን በር ላይ ጥሎ እንዲገባ መለመዱ ነው። ትልቁ ቅሬታችን እዚህ ላይ ነው።

የቋንቋው ነገር

በእኛ ካምፕ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በአንድ ክፍል ውስጥ ሶማልኛ፣ ዲንካ፣ ኑዌር፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ቱርካና የሚናገሩ ልጆች አብረው ይቀመጣሉ፤ ትምህርቱ የኬንያ ሥርዓተ ትምህርት ስለሆነ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነው የሚሰጠው። ቃል የሚያድን ልጅ በሁለተኛና በሦስተኛ ቋንቋው ነው የሚያድነው ማለት ነው።

በራሳችን ቋንቋ እንጀምር። «ቀረ» አማርኛ ላይ ቢያንስ ሁለት ነገር ነው። «3 ብር ቀረኝ» ሲባል በእጄ አለ ማለት ነው። «ዛሬ 3 ተማሪዎች ቀሩ» ሲባል ደግሞ አልመጡም ማለት ነው። መምህሩ ስም ሲጠራ «ቀሪ» የሚለው የሌለውን ልጅ ነው፤ ሒሳብ ሲያስተምር «ቀሪ» የሚለው ደግሞ ያለውን ቁጥር ነው። እንግዲህ «40 ተማሪዎች ተመዝግበው ዛሬ 6 ቀሩ፤ ስንት መጡ?» ብንል፣ አንዱ ልጅ 34 ቢል ሌላው ደግሞ 6 ቢል፣ ሁለተኛው ቃሉን በሌላ ፍቺው ወስዶት ሊሆን ስለሚችል ሳንጠይቅ ልናሞኘው አይገባም።

እንግሊዝኛውም አይሻልም። «ሌፍት» ሄደ ማለትም ነው፣ ተረፈ ማለትም ነው፣ ግራ ማለትም ነው። «ሞር» የሚለው ቃል በብዙ ቻርቶች ከመደመር ሥር ነው ያለው፤ «ሃው ማኒ ሞር» ሲባል ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ልዩነት ነው፣ ማለትም መቀነስ። ስዋሂሊ መቀነስን «ኩቶአ» ይለዋል፤ ይኸው ቃል ማውጣትና መስጠትም ማለት ነው። ስለዚህ ልጁ መቀነስ ሲባል ገና ከስሙ አንድ ነገር ከቦታው የሚወሰድ ብቻ ይመስለዋል።

ይህ ነገር የእኛ ካምፕ ችግር ብቻ ነው እንዳይባል አንድ ጥናት እንጥቀስ። ቶም ሃድሰን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጥናት ለትንንሽ ልጆች የወፎችና የትሎች ሥዕል አሳየ። ወፎቹ ከትሎቹ ይበዛሉ። «ወፎቹ ከትሎቹ በስንት ይበልጣሉ?» ብሎ ሲጠይቅ ከ1ኛ ክፍል ልጆች 64 በመቶ፣ ከአጸደ ሕፃናት ልጆች ደግሞ 25 በመቶ ብቻ መለሱ። ያንኑ ሥዕል አሳይቶ «ወፎቹ ሁሉ ትል ለመያዝ ቢሽቀዳደሙ፣ ትል የማያገኙት ወፎች ስንት ናቸው?» ሲል ግን ከ1ኛ ክፍል 100 በመቶ፣ ከአጸደ ሕፃናት 96 በመቶ መለሱ። ልብ በሉ፤ ሥዕሉ አልተለወጠም፣ ቁጥሮቹም አልተለወጡም። የተለወጠው አነጋገሩ ነው። ልጆቹ ያጡት ሒሳቡን ሳይሆን አነጋገሩን ነበር።

ያላነበበ ልጅ መልስ አያጣም

ቻርቱ የሚያመጣው ሌላው ጉዳት ልጁ ጥያቄውን እንዳያነብ ማስለመዱ ነው። ሁለት ቁጥርና አንድ ቃል ካገኘ ይበቃዋላ! እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ በፈረንሣይ አገር ግሬኖብል ከተማ ያሉ የሒሳብ ትምህርት ተመራማሪዎች ለሕፃናት ተማሪዎች የሚከተለውን ጥያቄ ሰጡ። «መርከብ ላይ 26 በጎችና 10 ፍየሎች አሉ። የካፒቴኑ ዕድሜ ስንት ነው?» ከ97 ልጆች 76ቱ በቁጥሮቹ ተጠቅመው መልስ ሰጡ። በግና ፍየል ተቆጥሮ የሰው ዕድሜ ወጣ! ስቴላ ባሩክ የተባሉ የሒሳብ መምህርት እ.ኤ.አ. በ1985 መጽሐፋቸውን በዚሁ በካፒቴኑ ዕድሜ ሰይመውታል።

እነዚያ ልጆች ሰነፎች አልነበሩም። ጥያቄ ከተሰጠ መልስ አለው፣ ቁጥር ካለ ይሰላል ብሎ ትምህርት ቤት ያስለመዳቸውን ነው ያደረጉት። የእኛም 28 ሊትር ከዚህ አይለይም።

መቀነስ አራት ልብስ አለው

ሥር የሰደደው ስሕተት ግን ከቻርቱም በፊት ይመጣል። መቀነስ ማለት መውሰድ ነው ብለን ከጀመርን ቻርቱ ተከትሎ መምጣቱ አይቀርም። 13 – 8 = 5ን ብቻ ይዘን አራት ታሪክ እንናገር።

አንደኛው መውሰድ ነው። 13 ማንዳዚ ተጠብሶ 8 ተሸጠ፤ ስንት ተረፈ?

ሁለተኛው መሙላት ነው። 13 ተማሪዎች አሉ፣ የመጣው ደብተር 8 ነው። ለሁሉም እንዲዳረስ ስንት ደብተር ይጨመር?

ሦስተኛው ማወዳደር ነው። የእኛ ቡድን 13 ጎል አገባ፣ የእነሱ 8። በስንት በለጥን?

አራተኛው ሙሉውንና ክፍሉን ማወቅ ነው። ከ13 ልጆች 8ቱ ሴቶች ናቸው፤ ወንዶቹ ስንት ናቸው?

በመጨረሻው ታሪክ የሄደ የለም፣ የተሰጠ የለም፣ የጠፋ የለም። ልጆቹ ሁሉ እዚያው ቁጭ ብለዋል። «ቀረ» የሚል ቃል ፈልጎ የሚያጣ ልጅ ታዲያ ምን ያድርግ? «ቲቸር፣ ፕላስ ነው ማይነስ?» ከማለት በቀር ምንም ምርጫ አልተወንለትም።

በአሜሪካ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ካርፐንተር፣ ኤልዛቤት ፌኔማና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይህንን በሰፊው አጥንተውታል። ካሳዩት አንዱ፣ ትንንሽ ልጆች ስለ ምልክት ገና ሳይማሩ የዚህ ዓይነት ታሪኮችን በመቁጠሪያ ነገር እያስመሰሉ መፍታት መቻላቸው ነው። መውሰድ ከሆነ ያነሳሉ፣ መሙላት ከሆነ ይጨምራሉ፣ ማወዳደር ከሆነ ሁለት መስመር ሠርተው አንዱን ካንዱ ጋር ያጣምዳሉ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ዘዴ አይጠቀሙም፤ ታሪኩን ነው የሚከተሉት። ልጁ ይዞት የሚመጣው ሀብት ይህ ነው፤ ቻርቱ የሚያስጥለውም ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የምናየውን ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ልጁ 13 – 8ን ለመሥራት ከ8 ተነስቶ «9፣ 10፣ 11፣ 12፣ 13» ብሎ በጣቱ ሲቆጥር «ይሄ እኮ መደመር ነው!» ተብሎ ይገሠጻል። ምን አጠፋ? ባለሱቅ መልስ ሲሰጥ እንዴት ነው የሚሰጠው? የ70 ሽልንግ ዕቃ ገዝተን 100 ብንሰጠው «80፣ 90፣ 100» እያለ እጃችን ላይ ይቆጥርልናል። ማንም ነጋዴውን መቀነስ አይችልም አይለውም። እንዲያውም ቁጥሮቹ ሲቀራረቡ፣ ለምሳሌ 52 – 49 ሲሆን፣ ወደ ላይ መቁጠር ከመቀነስ ይፈጥናል። ልጁ ሱቅ ተልኮ የተማረውን ደብተሩ ላይ ኤክስ ልናደርግበት አይገባም።

ፖሙን በበቆሎ መተካት

አንዳንድ ባልደረቦቻችን መፍትሔው ጥያቄዎቹን ከአካባቢው ጋር ማዛመድ ነው ይላሉ። ፖም በልቶ የማያውቅ ልጅ ስለ ፖም አይጠየቅ፣ በበቆሎ፣ በማገዶ፣ በጀሪካን ይጠየቅ የሚል ነው። እኛም እንደግፈዋለን፤ ዳሩ ግን አይበቃም። «12 ፖም ነበረው፣ 4 ሰጠ፣ ስንት ቀረው» የሚለውን «12 ኪሎ በቆሎ ነበረው፣ 4 ሰጠ፣ ስንት ቀረው» ብንለው ልብሱ ነው የተለወጠው፣ አጥንቱ ያው ነው። ልጁ አሁንም በቆሎውን አያስብም፤ «ቀረ» የምትለዋን ያያትና ይቀንሳል። በአንጻሩ የወፎቹና የትሎቹ ሥዕል ልዩ ነገር አልነበረውም፣ ሆኖም ልጆቹ ገባቸው።

ከአካባቢ ስናዛምድም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መቀነስን ሁልጊዜ «ጠፋ፣ ተሰረቀ፣ ሞተ» በሚል ታሪክ የሚያስተምር አለ። እኛ ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆች ምን ያጡ ልጆች እንደሆኑ ልናስታውስ ይገባናል። «5 ፍየሎች ነበሯቸው፣ 2 ተዘረፉ» የሚለው ለአንዱ ልጅ የሒሳብ ጥያቄ ላይሆን ይችላል። መቀነስ ለመሙላትም ለማወዳደርም ይሆናልና ታሪክ አናጣም።

«ክፍሉ ሞልቷል፣ ጊዜ የለም»

ትክክለኛ መከራከሪያ ነው፣ አንክደውም። መቶ ልጅ በተጨናነቀበት ክፍል፣ መጽሐፍ ለብዙ በሚደርስበት፣ መምህሩ ራሱ በአጭር ሥልጠና ሥራ በጀመረበት ሁኔታ ካርቶንና ማርከር ርካሽ ነው። ፈተናም አለ። ሆኖም ጠጠርና ቆርኪ ከካርቶን ይረክሳል፤ ሜዳው ሞልቷል። ጊዜውን በተመለከተ ደግሞ፣ አንድ ዓይነት ዐሥር ጥያቄ በአንድ ክፍለ ጊዜ ከማሠራት የተለያዩ ሁለት ታሪኮችን በደንብ መሥራት ይበልጣል እንላለን። ፈተናውም ቢሆን ልጁ ከፍ ባለ ቁጥር ቃሉን እየደበቀ ነው የሚሄደው፤ 1ኛ ክፍል ላይ ዐሥር ከዐሥር ያመጣው ልጅ 3ኛና 4ኛ ክፍል ላይ የሚወድቀው ስለዚህ ነው። ያኔ «ሒሳብ አይገባውም» ይባላል። በመሰደድ ብዙ ዓመት ባክኖበት፣ ዕድሜው ገፍቶ ከሕፃናት ጋር የተቀመጠ ተማሪ ይህን ቃል አንዴ ከሰማ ትምህርት ቤቱን ለመተው ሰበብ አያጣም። የቃላት ፕሮብሌም ትንሽ ነገር አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

በተጨማሪም ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ከታችኛው ክፍሎች ጀምሮ በመላ አገሪቱ ሥራ ላይ ያዋለችው ብቃት ተኮር ሥርዓተ ትምህርት በጥልቀት ማሰብንና ችግር መፍታትን ከዋና ዋና ብቃቶች አንዱ አድርጎ አስቀምጧል። ቃል አድኖ ምልክት ማድረግ ችግር መፍታት አይደለም። ቻርቱ ከምናስተምርበት ሥርዓተ ትምህርት ጋር ራሱ ይጋጫል።

ምን ይደረግ?

ቻርቱን ቀዳችሁ ጣሉት ብቻ ብለን ብንተው ትችታችን ጎዶሎ ይሆናል። ስለዚህ በየክፍሉ ሊሞከር የሚችል ቀላል አካሄድ እናቅርብ።

1. ታሪኩ መጀመሪያ ያለ ቁጥር ይነገር። «ፋጡማ ቆርኪዎች ነበሯት። ጥቂቱን ለዴንግ ሰጠች።» ከዚያ መምህሩ ይጠይቅ፤ አሁን የፋጡማ በዛ ወይስ አነሰ? የዴንግስ? ቁጥር ስለሌለ የሚሰላ ነገር የለም፤ ልጁ ያለ ውዴታው ያስባል።

2. አንድ ልጅ ታሪኩን በራሱ ቋንቋ ለጓደኞቹ ይድገመው። እንግሊዝኛው የገባው ለአልገባው በሶማልኛም በኑዌርም ይንገረው። ይህ ረብሻ አይደለም፣ ትምህርት ነው። ልጁ መድገም ካቃተው ችግሩ ሒሳቡ ሳይሆን ቋንቋው መሆኑን መምህሩ እዚያው ያውቃል።

3. ቁጥሮቹ ይግቡና በጠጠር ወይም በቆርኪ ይሠራ፤ እሱም ከሌለ ደብተር ላይ ክብ ክብ ይሳል። ምልክት ገና አይጻፍ።

4. ቀጥሎ ልጁ የሠራውን በቁጥር ይጻፍ። 8 + □ = 13 ብሎ ቢጽፍም 13 – 8 = □ ብሎ ቢጽፍም ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ለምን እንደሚገናኙ ክፍሉ ይነጋገርበት።

5. መልሱ ወደ ታሪኩ ይመለስ። «28 ሊትር ጀሪካኑ ውስጥ ይገባል?» ይህች አንዲት ጥያቄ ከቻርቱ ቃላት ሁሉ ትበልጣለች።

ከዚህ ሌላ፣ በሳምንት አንድ ቀን ልጆቹ ራሳቸው ለ13 – 8 ታሪክ ይፍጠሩ። ሁሉም «ሰጠ፣ ቀረ» ብቻ ካመጡ ምን እንዳጎደልን እናያለን። አልፎ አልፎም እንደ ካፒቴኑ ዓይነት መልስ የሌለው ጥያቄ ጣል ማድረግ ይጠቅማል። «ይሄ አይታወቅም፣ ቲቸር» ብሎ የሚስቅ ልጅ ጥያቄውን አንብቦታል ማለት ነው።

ይህን መጽሔት የምታነቡ የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎችም ድርሻ አላችሁ። ማታ ታናናሾቻችሁን ስታስጠኑ «ማይነስ ነው» ብላችሁ አትገላገሏቸው። «እስቲ ታሪኩን ንገረኝ፤ ማን ነበር? ምን ሆነ? የማናውቀው የቱን ነው?» በሏቸው። ሦስት ጥያቄ ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም።

መምህራን ሆይ፣ ግድግዳው ባዶ እንዳይሆን የምትሰጉ ከሆነ በቻርቱ ቦታ የልጆቹን ሥዕል ለጥፉበት። አንዱ ጀሪካን ይስላል፣ አንዷ ማንዳዚ፣ አንዱ ወፍና ትል። ከሥሩ የራሳቸውን ታሪክ በራሳቸው እጅ ይጻፉበት። ሞክራችሁ ያያችሁትን፣ የተሳካውንም ያልተሳካውንም፣ ለዝግጅት ክፍሉ ብትልኩልን በሚቀጥለው ዕትም አብረን እንወያይበታለን። የማትስማሙ ካላችሁም ቻርቱን የምትከራከሩበትን ምክንያት ጻፉልን፤ በደስታ እናስተናግዳለን።